ሁለት ዓምድ

ከሲትራ ወደብ ዳር፣ ከበረዶው ቤት በር፣
ሚዛን ጠባቂ ነኝ፤
የዝዋይ ልጅ ነበርኩ፣ የቆሮሶ አገር።
ክንፍና ቅርፊት አልባ፣ በመጽሐፍ እርም የሆነ፣
አፌ ያልቀመሰውን ሸርጣን
እጄ ዘጠኝ ዓመት መዘነ።

መዝገቤ ሁለት ዓምድ አለው፣ በቀይ መስመር የተከፈለ፤
ግራው «ለንግድ» ይላል፣ ቀኙ «ለመዝናኛ» ተባለ።
ከመቶ ሰባው ለእነዚያ፣ ሠላሳው ለእነዚህ ይድረስ ብሎ
የባሕር መሥሪያ ቤት ወስኗል፣
ማዕበሉን በኪሎ ከፍሎ።

ኮታው ሊከለስ ነው ሲባል፣ በክለቡ አዳራሽ ተጠሩ፤
በፕላስቲክ ወንበሮች ላይ፣ ግራና ቀኝ ሰፈሩ።
ሐጂ ረዲ ተነሣ፣ የአራት ጀልባ ጌታ፣
አሳየን የግራ እጁን፣
ሽቦ የበላውን ጣት፣ ጥፍር የነበረበትን ቦታ።
«የባንኩ ዕዳ አይተኛም፣ ናፍጣው በየቀኑ ያልቃል፤
ይሄ ዓርብ ዓርብ የሚመጣው
በእንጀራዬ ላይ ይስቃል!»

ዶክተር ዙሄር መለሰ፣ የማናማ ጥርስ ሐኪም፦
«አያቴ ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤ እኔም ለዚህ ባሕር እንግዳ አይደለሁም።
ልጄን ወጥመድ መጣል ባስተምር፣ አምስት ኪሎ ማንን ይጎዳል?
ያንተ ጀልባ በአንድ ሌሊት
ሞቶ የሚደፋው መች ተቆጥሮ ያውቃል?»

ወጥመዱን የሚጎትተው ሴልቫም፣ ከበር ቆሞ ሰዓት ያያል፤
ኮታው ቢጨምር ወገቡ፣
ቢቀንስ ደመወዙ ይቆረጣል።

ሲመሽ ሰባው በድምፅ ብልጫ፣ ስልሳ አምስት ሆነ ተባለ፤
አንዱ ወንበር ገፍትሮ ወጣ፣
ሌላው ቀረ፣ «አነሰኝ» እንዳለ።
ሸርጣኑን የጠየቀው የለም።

በነጋታው፣ ውኃው ሸሽቶ፣ ጭቃው እርቃኑን ሲታይ፣
ኡም ኸሊል መጣች፣ ባልዲ በእጇ፣
ጫማዋ በራሷ ላይ።
ጀልባ የላት፣ ፈቃድ የላት፤ ዘንግና ሁለት እግር አላት፤
ስልሳ ዓመት ሙሉ ይህ ጭቃ
እንደ ጓሮ ነበረላት።
«ሁሉም ይመዘን ተብሏል፤ እንግዲህ የእኔንም መዝን።»
ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ።
ብዕሬ ግን ቆሞ ቀረ፣ ያለ ወገን።

ንግድ እንዳልል አትሸጥም፤ ለጎረቤት ታካፍላለች፤
መዝናኛ እንዳልል፣ ይኸው፣
ጉልበቷን እያሸች ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«ጻፍ እንጂ፣ ምን ታፈጣለህ? ባገርህስ እንዴት ነበር?»
ለምን እንደሆነ እንጃ፣
ነገርኳት የአባቴን መረብ፣ የዚያን የክፉ ክረምት ነገር፦
ሁሉም «ድርሻዬን» እያለ፣ የጣት ያህል ዓሣ ሲያወጣ፣
የመረብ ዓይን እየጠበበ፣ ከቀለበት አንሶ ሲመጣ፣
በመጨረሻ ድርሻው ተርፎ፣
ዓሣው ታጣ።

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ከባልዲው ሥር አንዷን መዘዘች፣
ሆዷ ላይ ብርቱካን ሰፍነግ፣
እንቁላሏን የታቀፈች።
«ይቺን በጨለማ ነው ያነሣኋት፤ ቀንሳት፣ ውሰድና ጣላት።»
ይዤያት ወደ ውኃው ስወርድ
አውራ ጣቴን ነከሰችኝ። የምስጋና ልማድ የላት።

ተመልሼ አነበብኩ፦ ሁለት ኪሎ ከመቶ ሠላሳ።
በቀዩ መስመር ላይ ጻፍኩት፣
ከግራም ከቀኝም ሳላነሣ።

ወር ሲዘጋ ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ አየኝ፤
«ይሄ ምንድን ነው፣ ቀለም ፈሶብህ ነው?» አለኝ።
«ቀለም አይደለም፣ ጌታዬ፤ ሚዛኑ ያለው ነው» አልኩኝ፣
የአውራ ጣቴን ጠባሳ
ከመዝገቡ ሥር እየደበቅኩኝ።